ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? ለአዋላጆችና ለነርሶች የጥራት ማሻሻያ ሀሁ

የማዋለጃ ክፍላችን የደም ግፊት መለኪያ ሌሊቱን የሚያሳልፈው በተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ቁልፉ ደግሞ ማታ ማታ በእርጉዞች ክትትል ክፍል ባልደረባችን ቦርሳ ሆኖ ወደ ቤቷ ይሄዳል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሌሊት ተረኛ ስንሆን ከድንገተኛ ክፍል እንዋሳለን፤ እዚያም ሥራ ከበዛ ሳንለካ ይነጋል። ለዓመታት አንድም ሰው «ይህ ችግር ነው» ብሎ በወረቀት ላይ አላሰፈረውም።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የምጽፈው ጥፋታችንንም ጭምር ስለሆነ የጤና ጣቢያውን ስም አልጠቅስም። «ጥራት ማሻሻል» ሲባል ትዝ የሚላችሁ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ መፈክር፣ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤና ለድጋፋዊ ክትትል ሲመጡ ከመሳቢያ የሚወጣ ፋይል ከሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ የማውቀው ያንን ብቻ ነበር። ሀገራችን እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 የሚሸፍን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጥራት ስትራቴጂ አውጥታ ሠርታበታለች፤ ከዚያም ሁለተኛውን አስከትላለች። መመሪያዎቹ መልካም ናቸው። ነገር ግን መመሪያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የወለደችን እናት ክንድ አይዝም፤ የሚይዘው የእኛ እጅ ነው። ስለዚህ የማወራው ስለዚያ እጅ ነው።

አንድ ነገር መምረጥ

መጀመሪያ የምትሠሩበትን አንድ ነገር ምረጡ። ሁለት አይደለም፣ አንድ። እኛ ስንጀምር ስብሰባው ላይ የቀረበው ሐሳብ «የእናቶችን ሞት መቀነስ» የሚል ነበር። ማን ይቃወማል? ችግሩ ግን በአንድ ጤና ጣቢያ የእናት ሞት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በየሳምንቱ የሚታይ ነገር አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ የሚደርስ ወይም ከነጭራሹ የማይደርስ ነገር ስትቆጥሩ ብትውሉ ሥራችሁ ይሻሻል አይሻሻል አታውቁም። ይልቁንም ሞትን እንደሚከላከል በጥናት የተረጋገጠ፣ በየቀኑ የሚሠራ፣ ሲዘለልም የሚታወቅ አንድ ተግባር ፈልጉ።

እኛ የመረጥነው ከወሊድ በኋላ ያለውን ሁለተኛ የደም ግፊት ልኬት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው የእናቲቱ ግፊት ከወለደች በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይለካል፤ ደህና ከሆነ ደግሞ በስድስት ሰዓት ውስጥ እንደገና ይለካል። የልብ ምቷ፣ የሙቀት መጠኗ፣ የማሕፀኗ መኮማተርና የሚፈሳት ደም መጠን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ እስከ 24 ሰዓት በየጊዜው መታየት አለባቸው። ለምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ የእርግዝና ግፊት ከወሊድ በኋላም እንደሚነሣ፣ ደም የሚፈሳት እናት መጀመሪያ የልብ ምቷ ሲፈጥን ግፊቷ ግን ወርዶ የሚታየው ዘግይቶ እንደሆነ ሁላችንም ተምረናል። ተምረናል፤ ሆኖም በስድስት ሰዓት ውስጥ ተመልሰን እንለካ ነበር ወይ? እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ብትጠይቁኝ «አብዛኛውን ጊዜ እንለካለን» ብዬ እመልስ ነበር፤ ከልቤም ነበር።

አሥር ካርድ

ከምንም በፊት ቁጠሩ። ለመቁጠር ፈቃድም፣ በጀትም፣ ኮምፒውተርም አያስፈልግም። አንድ ሰኞ ጧት በቅርቡ የወለዱ አሥር እናቶችን ካርድ ከካርድ ክፍል አስወጣሁ። ባለካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ ሦስት መስመር አሰመርኩ፦ የወለደችበት ሰዓት፣ የመጀመሪያው ግፊት ሰዓት፣ የሁለተኛው ግፊት ሰዓት። የተረኛዋን ስም የሚያሳይ መስመር አላሰመርኩም። ይህን እንድትደግሙት አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ስም የተጻፈበት ቀን ደብተሩ የክስ መዝገብ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን የሚነግራችሁ አታገኙም።

ከአሥሩ ሁለተኛው ልኬት በጊዜው የተጻፈላቸው አራት ነበሩ። ካርዶቹን ሁለት ጊዜ አገላበጥኳቸው። ሦስቱ የራሴ ተረኝነት ላይ የወለዱ መሆናቸውን ከእጅ ጽሕፈቴ ለይቻለሁ፤ ከሦስቱ የለካሁት አንዷን ብቻ ነበር።

ስትቆጥሩ የሚገጥማችሁን አንድ እንቅፋት በቅርብ ላሳያችሁ። አንድ ካርድ ላይ የወለደችበት ሰዓት «8:00»፣ የሁለተኛው ግፊት ሰዓት «8:30» ተብሎ ተጽፏል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተለካ ማለት ነው? አይደለም። የመጀመሪያው በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ ሁለተኛውን የጻፈችው የቀን ተረኛ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፋዋለች፤ በእኛ ጧት 2 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። በመካከል ያለፈው ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሰዓት! ስለዚህ ቁጥር ከመሰብሰባችሁ በፊት ሦስት ነገር ወስኑ፦ በየትኛው የሰዓት አቆጣጠር ትጽፋላችሁ፣ «በጊዜው ተለካ» የሚባለው እስከ ስንት ደቂቃ ድረስ ነው፣ የምትቆጥሩትስ እነማንን ነው? እኛ ስድስት ሰዓት ሳይሞላቸው ወደ ሆስፒታል የተላኩትን አውጥተን፣ የቀሩትን ሁሉ ለመቁጠር ተስማማን። ይህ ትርጓሜ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ካልተጻፈ አንዷ በአንድ መንገድ፣ ሌላዋ በሌላ መንገድ ቆጥራ ያልተሻሻለው የተሻሻለ ይመስላል።

ቀጥሎ ሳንለካቸው የዘለልናቸውን እናቶች በወለዱበት ሰዓት ደረደርናቸው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደኝ። ከተዘለሉት አብዛኞቹ ከሌሊት 7 እስከ 9 ሰዓት ድረስ የወለዱ ነበሩ። ስድስት ሰዓት ደምሩበት፤ ልኬታቸው የሚደርሰው ከጧት 1 እስከ 3 ሰዓት ነው። የተረኛ ርክክባችን ጧት 2 ሰዓት ነው። የሌሊቷ «የቀኗ ትለካለች» ትላለች፤ የቀኗ «የሌሊቷ ለክታለች» ትላለች። በዚህ ላይ የድሬ ፀሐይ አለች። ቤተሰቡ ሙቀቱ ሳይበረታ ወላዷን በባጃጅ ይዞ ለመሄድ ከማለዳ ጀምሮ በር ላይ ቆሞ ይለምናል። ሁለት ተረኛ በሚለዋወጥበት፣ ባጃጁም ሞተሩን አስነስቶ በሚጠብቅበት በዚያ ሰዓት እናቲቱ በመካከላችን ታልፋለች።

«ለምን?» ማለት

ጃፓኖቹ በቶዮታ ፋብሪካ ያስለመዱት አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ ለአንድ ችግር «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ አምስት ጊዜ ያህል መደጋገም። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ «ካይዘን» የሚለውን ቃል ያልሰማ የመንግሥት ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም፤ ዘዴውም ከዚያው ቤት ነው። የእኛ ጥያቄና መልስ እንዲህ ነበር።

ሌሊት ለምን አልተለካም? መለኪያው ክፍሉ ውስጥ ስለሌለ። ለምን የለም? ከሁለቱ አንዱ ተበላሽቷል፤ ደህናው ተቆልፎበታል። ለምን ይቆለፋል? ከዚህ ቀደም አንድ መለኪያ ጠፍቶ ስለነበር። ቢጠፋስ ለምን አንዲት ነርስ ቤቷ ድረስ ቁልፍ ይዛ ትሄዳለች? በሞዴል 22 ፈርማ ከንብረት ክፍል ያወጣችው እሷ ስለሆነች፤ ቢጠፋ የሚጠየቀውም የእሷ ደመወዝ ስለሆነ። ንብረቱ ለምን በአንድ ሰው ስም ወጣ? በርክክብ ወቅት ዕቃ የሚቆጠርበት አሠራር ስላልነበረን፤ ስለዚህም በክፍሉ ስም ማውጣት ስላልተቻለ።

መልሱ የት ሄዶ እንደቆመ ተመልከቱ። የጀመርነው «የሌሊት ተረኞች ሰነፎች ናቸው» ከሚለው ሐሜት ነበር፤ የደረስነው ግምጃ ቤት ነው። ያቺ ባልደረባችን ክፉ አይደለችም፤ ልጆቿን የምታሳድግበትን ደመወዝ ጠበቀች። እኔም ብሆን እቆልፍ ነበር።

ብዙ ምክንያት ሲኖር የዓሣ አጥንት የሚባለውን ሥዕል መሣል ይረዳል፤ ራሱ ላይ ችግሩን፣ አጥንቶቹ ላይ ሰው፣ ዕቃ፣ አሠራር፣ ቦታ ብሎ ምክንያቶቹን መደርደር ነው። እኛ አንድ ጊዜ ሣልነው፤ ጠቀመን፤ ከዚያ በላይ አልቆየንበትም። ሥዕሉን አሳምሮ ማቅረብ ራሱ ሥራ ሆኖ ሲቀር አይቻለሁና ተጠንቀቁ።

ከማን ጋር?

ብቻችሁን አትሥሩ። ነገር ግን ቡድን ሲባል የኃላፊዎች ስብሰባ አይምሰላችሁ። የእኛ ቡድን ሁለት አዋላጆች፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛው፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋና ሁላችንም «እማዬ» የምንላት የጽዳት ሠራተኛ ነበረበት። እማዬን የጠራናት ለክብር አልነበረም። ከማናችንም በላይ ሌሊት ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን የምታውቀው እሷ ናት። መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ዝም ብላ ቆይታ፣ «እናንተ ስድስት ሰዓት ስትሉ እነዚያ አስታማሚዎች የሚያውቁት ሶላቱን ነው፤ በአዛኑ ንገሯቸው እንጂ» አለች። የዚህን ሐሳብ መጨረሻ እነግራችኋለሁ።

ስብሰባችን ሰኞ ጧት ከርክክብ በኋላ ለ15 ደቂቃ፣ ቁመን ነው። ከሰዓት በኋላ ሞክረነው ነበር፤ በድሬ ሙቀት ሰው ሰብስቦ ማነጋገር አይሆንም።

የጥራት ማሻሻያ ትምህርት ላይ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ እንደ ዕለት ጸሎት በቃላችሁ ያዟቸው። ምን ማሳካት እንፈልጋለን? ለውጡ መሻሻል ማምጣቱን በምን እናውቃለን? መሻሻል የሚያመጣ ምን ለውጥ ልናደርግ እንችላለን? የመጀመሪያው ግብ፣ ሁለተኛው መለኪያ፣ ሦስተኛው የለውጥ ሐሳብ ነው። አብዛኞቻችን የምንሳሳተው ከሦስተኛው ስለምንጀምር ነው፤ «ሥልጠና ይሰጥ»፣ «ዕቃ ይገዛ» እንላለን፣ ምን ልናሳካበት እንደሆነ ሳንነጋገር።

ግብ ሲጻፍ ምን፣ ለማን፣ ምን ያህል፣ እስከ መቼ የሚሉትን መመለስ አለበት። የእኛ እንዲህ ይላል፦ «በክፍላችን ወልደው ስድስት ሰዓት ከቆዩ እናቶች መካከል ሁለተኛ የደም ግፊታቸው በስድስት ሰዓት ውስጥ ተለክቶ በካርዳቸው ላይ የተጻፈላቸውን ከአሥር አራት፣ እስከ መጋቢት 30 ድረስ ከአሥር ዘጠኝ እናደርሳለን።» «አገልግሎቱን ለማሻሻል ጥረት እናደርጋለን» ከሚለው ጋር አስተያዩት። ያኛው መጋቢት 30 ቀን ተሳክቶ እንደሆነ ማን ይነግራችኋል?

ያልሠራው ነገር

የመጀመሪያ ሙከራችንን አልደብቅም። ማስታወቂያ ለጠፍን። «የወለደች እናት ሁሉ በስድስት ሰዓት ውስጥ ግፊቷ ይለካ፤ በማይለካ ላይ እርምጃ ይወሰዳል» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካርዶቹ ሁሉ ተሞልተው ተገኙ። ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ስደረድራቸው፦ 110/70፣ 110/70፣ 110/70። ዘጠኝ እናቶች፣ ዘጠኙም 110/70። ከዘጠኙ አንዷ ስትወልድ ግፊቷ ከፍ ብሎ 140/90 የነበረች ናት።

መለኪያው አሁንም ተቆልፎበት ነበር።

ያንን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ በደቻቱ ድልድይ ላይ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። እነዚያን ቁጥሮች የጻፉት እህቶቼ የእናቶች ጉዳይ የማይገዳቸው አይደሉም። አስፈራራናቸው፤ የሚለኩበትን ግን አልሰጠናቸውም። ለአለቃ የሚቆጠርና ለራስ የሚቆጠር ቁጥር የተለያዩ ናቸው። ለአለቃ የሚቆጠረው ወደ ላይ ይሄዳል፤ ወረዳ፣ ጤና ቢሮ፣ የጤና መረጃ በኮምፒውተር የሚጠናቀርበት ዲኤችአይኤስ ሁለት ድረስ፤ ተመልሶ ግን የቆጠረችው ጋ አይመጣም። ለራስ የሚቆጠረው ከዚያው ክፍል ሳይወጣ ነገ ጧት ሥራ ይለውጣል። ማስታወቂያውን በራሴ እጅ አነሣሁት፤ በርክክብ ላይም ከአሥር አራት መሆናችንንና ከሦስት እናቶች ሁለቱን የዘለልኩት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ ነው ሌሎቹም መናገር የጀመሩት።

እዚህ ላይ የእኛን ሙያ የሚመለከት አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ሴመልቫይስ የተባለ ሐኪም፣ ሐኪሞችና ተማሪዎች በሚያዋልዱበት ክፍል የአራስ ትኩሳት የሚገድላቸው እናቶች አዋላጆች ከሚያዋልዱበት ክፍል እጅግ እንደሚበልጡ ቆጥሮ አየ። ሐኪሞቹ አስከሬን ከመረመሩ በኋላ እጃቸውን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠቡ አደረገ፤ ሞቱም በከፍተኛ መጠን ቀነሰ። ቁጥሩ እውነት ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ የዘመኑ ሐኪሞች አልተቀበሉትም፤ «ገዳዮቹ እናንተ ናችሁ» የሚል ክስ ሆኖ ተሰማቸው፤ እሱም በኋላ በደብዳቤዎቹ እንደዚያው ብሎ ጻፈባቸው። ልክ የሆነ ቁጥር ብቻውን ሰው አይለውጥም። አብረዋችሁ የሚቆጥሩ ሰዎች ያስፈልጓችኋል።

በአንዲት ሌሊት፣ በአንዲት እናት መሞከር

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። የለውጥ ሐሳብ በአንድ ጊዜ ለክፍሉ ሁሉ አይታወጅም፤ በትንሹ ይሞከራል። ማቀድ፣ መተግበር፣ ማጥናት፣ መወሰን፤ ከዚያም እንደገና ማቀድ። ይህን ዑደት ለዓለም ያስተዋወቁት ዋልተር ሹዋርትና ኤድዋርድስ ዴሚንግ የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው፤ መነሻቸው የፋብሪካ ምርት ቢሆንም ለማዋለጃ ክፍልም በትክክል ይሠራል። «ትንሽ» ስል በእውነት ትንሽ ነው፦ አንዲት ተረኛ፣ አንዲት ሌሊት፣ አንዲት እናት። ሙከራው ባይሳካ የሚጎዳ የለም፤ ቢሳካ ነገ በሦስት እናቶች ይደገማል።

መጀመሪያ መለኪያውን ፈታነው። የንብረት ሠራተኛው፣ በየርክክቡ ዕቃ ተቆጥሮ የሚፈረምበት ደብተር ካለ በክፍሉ አስተባባሪ በኩል ማውጣት እንደሚቻል ነገረን። የርክክብ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ጨመርን፦ «የግፊት መለኪያ፣ አለ / የለም፣ ያስረከበች፣ የተረከበች»። ግድግዳው ላይ፣ ወላዶች ከሚተኙበት አልጋ ራስጌ አጠገብ ሚስማር መታን፤ መለኪያው እዚያ ተንጠለጠለ። ለአንድ ሌሊት ሞከርን፤ አደረ። ለአንድ ሳምንት ሞከርን፤ አልጠፋም። ቁልፉን የያዘችው ባልደረባችን በስምንተኛው ቀን ፊርማዋ ሲሰረዝላት ትንፋሿን ስታወጣ አይቻለሁ።

መለኪያው መኖሩ ግን በቂ አልነበረም፤ ሰዓቱን የሚያስታውሰንስ? የእማዬን ሐሳብ ያነሣነው ያኔ ነው። ከመሞከራችን በፊት ግምታችንን ጻፍን፤ ይህን አትዝለሉት፤ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያልጻፈ ሰው በኋላ «ይህንንማ አውቀው ነበር» ይላል እንጂ አይማርም። የእኔ ግምት፦ «አስታማሚዋ ትተኛለች፤ አትጠራንም።»

ያቺ ሌሊት ከቢዮ አዋሌ በኩል የመጣች ወጣት እናት እኩለ ሌሊት፣ 6 ሰዓት ላይ ወለደች። አማቷ አብራት ነበረች፤ ሰዓት አላሠረችም፣ ስልክም አልያዘችም። በኦሮምኛ፣ «የሱብሂ አዛን ሲጀምር ጥሪኝ፤ የልጅሽን ሚስት ግፊት እለካለሁ» አልኳት። ከወሊዱ እስከ ሱብሂ አምስት ሰዓት ያህል ነው፤ በጊዜው ነን። እኔ ሌላ ምጥ ላይ ገባሁ። የአዛኑ የመጀመሪያው ድምፅ ከመስኮት ሲገባ አማቷ ሻሿን እያስተካከለች በር ላይ ቆማለች። አዛኑ እስኪያበቃ እንኳ አልጠበቀችም። መለኪያውን ከሚስማሩ አውርጄ የወጣቷ እናት ክንድ ላይ አሠርኩት፤ አማቷ አጠገቤ ቆማ ቀስቱ ሲወርድ ታያለች። 110/70። ይህኛው ግን ከእናቲቱ ክንድ የመጣ ነበር። አማቷ «ደህና ናት?» አለችኝ፤ «ደህና ናት» አልኳት፤ ያንን ቃል እንደዚያ እርግጠኛ ሆኜ ተናግሬው አላውቅም።

ግምቴ ተሳስቶ ነበር። ደብተሩ ላይ ያንኑ ጻፍኩ።

ሁለተኛው ሙከራ በሦስት እናቶች ነበር፤ ሁለቱ ሠሩ፣ አንዱ ከሸፈ። የከሸፈበት ምክንያት ትምህርት ሰጠን። ከሰዓት በኋላ ወላዶች ክፍል በጠያቂና በገንፎ ይሞላል፤ መግሪብ ላይ እንድትጠራን የነገርናት አክስት ከመግሪብ በፊት ቦታዋን ለሌላ ለቅቃ ሄዳለች። ስለዚህ ለቀን ወላዶች ሌላ ነገር አደረግን፦ ከአልጋው ጫፍ የሚንጠለጠል ትንሽ ካርቶን፣ የሚለካበት ሰዓት በትልቁ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈበት። አስታማሚ ቢለዋወጥም ካርቶኑ አይለዋወጥም። አዛኑ ለሌሊት፣ ካርቶኑ ለቀን ሆነ። ክርስቲያን ቤተሰቦችም በአዛኑ ምልክት ተቸግረው አያውቁም፤ ድሬ ውስጥ አዛኑን የማይሰማ ቤት የለም።

ሦስተኛው የጧቱ ርክክብ ነው። ከጠረጴዛ ላይ ወደ አልጋ አጠገብ አመጣነው። ሁለቱ ተረኞች ከአልጋ አልጋ አብረው ይዞራሉ፤ ልኬቷ የደረሰ እናት ካለች ሁለቱም ባሉበት ትለካለች። ይህ ብቻውን ከማንኛውም ሥልጠና የበለጠ ጠቅሞናል ብዬ አምናለሁ።

ነጥቦቹን ማገናኘት

የምትቆጥሩትን በሥዕል አስቀምጡት። ባለካሬ ወረቀት ላይ በአግድም ጊዜውን፣ በቁም ከአሥር ስንት መሆኑን ጻፉና ነጥብ አስቀምጡ፤ ነጥቦቹን በመስመር አገናኙ። ክፍላችሁ ውስጥ በሳምንት የሚወልዱት ጥቂት ከሆኑ በሳምንት መቶኛ አታስሉ፤ በአራት እናት ላይ አንዷ ስትጎድል ከመቶ 25 ይወርድና ልባችሁን ያስደነግጣል። እኛ በየአሥር ካርዱ አንድ ነጥብ እናስቀምጣለን።

ወደ አሥር የሚጠጉ ነጥቦች ሲሞሉ የነጥቦቹን መካከለኛ ፈልጉ፤ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን ማለቴ ነው። በዚያ ልክ አግድም መስመር አስምሩ። አንድ ነጥብ ከፍ ስላለ አትጨፍሩ፣ አንዱ ስለወረደም ማንንም አትቆጡ፤ ነጥብ በተፈጥሮው ይወጣል፣ ይወርዳል። ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ተከታታይ ነጥቦች ከመስመሩ በላይ ሲውሉ፣ ወይም አምስትና ከዚያ በላይ ነጥቦች እየተከታተሉ ሲጨምሩ ግን በእርግጥ የተለወጠ ነገር አለ ማለት ነው። ወደ ታች ሲሆንም እንዲሁ።

ነጥቡ አጠገብ ምን እንደተደረገ ጻፉ፦ «ሚስማር ተመታ»፣ «ርክክብ ወደ አልጋ መጣ»። ከእናንተ ውጭ የሆነውንም ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ደግሞ ችኩንጉንያ ድሬዳዋ ውስጥ ሲነሣ በጤና ተቋም የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ትኩሳት የያዘው ሰው ግቢ ሲሞላ የትኛውም ክፍል እንደ ወትሮው አይሠራም። እንዲህ ያለ ወቅት ላይ ነጥቡ ቢወርድ ምክንያቱ አጠገቡ ካልተጻፈ ከዓመት በኋላ የሚያየው ሰው ስንፍና ይመስለዋል። ሥዕሉን ሠራተኛው ሁሉ በሚያየው ቦታ ለጥፉት። እኛ ሻይ የምናፈላበት ማዕዘን ላይ ነው።

ከዋናው መለኪያ ጎን አንድ ጠባቂ መለኪያ ይኑራችሁ፤ አንዱን ስናሻሽል ሌላውን እንዳንጎዳ። እኛ በርክክብ ምክንያት ምጥ ላይ ያለች እናት የምጥ መከታተያ ቅጽ (ፓርቶግራፍ) ሳይሞላ ሰዓት እንዳያልፍ እንከታተላለን። አንድ ሰሞን ጉድለት ታየ፤ ከዙሩ አንዷ ተረኛ ምጥ ክፍል እንድትቀር አደረግን።

እንዲጸና

የሥራ ቦታ ከሚደራጅባቸው ከካይዘን አምስቱ «ማ»ዎች የመጨረሻው ማዝለቅ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ይመስለኛል። አዲስ አዋላጅ ተመድባ ስትመጣ መጀመሪያ የምናሳያት ሚስማሩንና ደብተሩን ነው። አዛኑን ለአስታማሚ መንገር የወሊድ አገልግሎቱ አካል ሆኖ በክፍሉ የሥራ ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ተጽፏል። ከአሥር ዘጠኝ የደረስነው ካሰብነው ቀን ዘግይተን ነው፤ አሁንም በበዓል ሰሞን ሰው ሲጎድል እንወርዳለን። ሲወርድ የምንጠይቀው «ማን ነበረች?» ሳይሆን «ምን ጎደላት?» ብለን ነው። ይህችን ጥያቄ ለመልመድ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ወስዶብናል።

ቀጥሎ የመረጥነው የአራስ ሕፃናትን የሙቀት መጠን ነው። ድሬ ሙቅ ከተማ ናት፤ ሕፃን አይበርደውም ብለን እንዘናጋለን። ነገር ግን ውሃ ያልደረቀለት ሕፃን ማራገቢያ ሥር ሲተኛ ሙቀቱ ከ36.5 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ስንት ጊዜ እንደሚሆን አናውቅም፤ ቆጥረን አናውቅማ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ካርዶች ሰኞ ጧት፣ ከርክክብ በኋላ እናወጣለን። ቴርሞሜትሩ በማን ስም እንደወጣም የንብረት ሠራተኛውን ጠይቀነዋል።